መቶ በመቶ የተረጋገጠ ባዶ ቤት

ቴክኖሎጂ መጣ ማለት ሠራተኛ ተባረረ ማለት ነው እያሉ የሚያሟርቱ ሰዎች አፋቸውን የሚይዙበት ዘመን ደርሷል። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ይህን ሟርት በተግባር አክሽፎታል። ራሱን በራሱ እያነበበ ያነበበውን በአየር ላይ ወደ ማዕከል የሚልክ ስማርት ቆጣሪ በየቤቱ ሲገጠም፣ ቀድሞ ደጅ ለደጅ እየዞሩ ቆጣሪ ሲያነቡ ከኖሩት ሠራተኞች አንድም ሰው አልተቀነሰም። እንዲያውም ሥራው ስለበዛ ተጨማሪ ሰው ተቀጠረ። እንዲህ ለሰው የሚራራ ቴክኖሎጂ የትም አገር አልታየም።

ይህ የሆነው በሥራ አስኪያጁ አርቆ አሳቢነት ነው። ቆጣሪዎቹ ተገጥመው ያለቁ ዕለት ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰበሰቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ውድ ሠራተኞች፣ ከእንግዲህ ቆጣሪው ራሱ ያነባል" አሉ። "መልካም። ነገር ግን ማንበቡን ማን ያረጋግጣል?"

ከኋላ የተቀመጡት፣ ይህ ከሥራ የማሰናበቻ ንግግር መስሏቸው፣ ወደ በሩ ማየት ጀምረው ነበር።

"እናንተ!" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ እጃቸውን እንደ መራቂ ሽማግሌ ዘርግተው።

ጭብጨባው ለብዙ ጊዜ አልቆመም። በማግሥቱ በመግቢያው ግድግዳ ላይ የሙያ መሰላል ተሳለ። ከታች ጀማሪ የስማርት ቆጣሪ አረጋጋጭ፣ ከፍ ሲል አረጋጋጭ፣ ከዚያ ከፍተኛ አረጋጋጭ፣ ከሁሉም በላይ ጣሪያው ሥር ዋና አረጋጋጭ። ሠዓሊው ግድግዳው ስላጠረው ዋና አረጋጋጩን አንገቱን አስደፍቶ ነው የሳለው። ሥራ አስኪያጁ አይተው "ትሕትናው ደስ ይላል" ብለው አጸደቁት።

ያን ሥዕል ቆሞ ሳያይ ውሎ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በር እያንኳኳ "ቆጣሪ!" ብሎ ሲጣራ የኖረ ሰው ነው። የሰፈሩን ውሾች በስም ያውቃቸዋል፤ እነሱም ባቱን ያውቁታል። ጉልበቱ ከአምና ጀምሮ ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ዋና አረጋጋጭ ደግሞ ሰው ጋ አይሄድም፤ ወረቀት ነው እሱ ጋ የሚመጣው። የሚሽከረከር፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ጀርባው የተደላደለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ያረጋገጡትን ያረጋግጣል። ወንበሩ ተገዝቶ፣ ላስቲኩ ሳይገፈፍ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበትን ሰው እየጠበቀ ነበር። ሰውየው በዚያ ባለፈ ቁጥር ላስቲኩን በጣቱ ነካ አድርጎ ይሄዳል።

አሁን ስለ ማረጋገጡ ሥራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የድሮው ቆጣሪ ቁጥሩ ፊቱ ላይ ነበር፤ ልጅም አዋቂም ያየዋል። ስማርቱ ቆጣሪ ግን ፊት የለውም። አፍ አልባ ግራጫ ሣጥን ነው፤ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ ብልጭ ትልበታለች። "ታዲያ እኛ ምን አይተን ነው የምናረጋግጠው?" ብሎ አንድ አረጋጋጭ ሲጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጁ ለጊዜው ደነገጡ፤ ወዲያው ግን ብልሃቱ መጣላቸው። ቁጥሩ ያለው ማዕከሉ ጋ ነው። ስለዚህ አረጋጋጩ ቆጣሪው ፊት ይቆማል፤ ወደ ማዕከሉ ይደውላል፤ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ የተነገረውን ይጽፋል፤ የጻፈውን ለማዕከሉ ያስረክባል፤ ማዕከሉም እሱ ዘንድ ካለው ቁጥር ጋር ያመሳክረዋል።

ውጤቱ ወዳጅንም ጠላትንም ያስገረመ ነበር። መቶ በመቶ ይመሳከር ጀመር። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንግዶች መጥተው "እንዲህ ያለ ትክክለኛነት እንዴት ተገኘ?" ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁም "በሰው ኃይል ልማት" ብለው መለሱ።

እርግጥ ሁሉም ሰው መቶ አይሞላም። ረጅሙ የሚሉት ጎልማሳ አረጋጋጭ ለምሳሌ አንዳንዴ ስልኩ እየተቆራረጠበት ቁጥር ያዛባል። የእኛ ሰው ግን ማዕከሉ ላይ ስልክ የምታነሳውን ሴትዮ ሁለቴ ሳያስደግማት፣ ሦስተኛ እሱ ራሱ ሳይደግምላት አይዘጋም። አንድም ቀን ቁጥር ተዛንፎበት ስለማያውቅ ሠራተኛው "አይሳሳቴ" የሚል ስም አወጣለት። ስሙን በአደባባይ እየተቆጣ፣ በሆዱ እየወደደ ተቀበለው። ዋና አረጋጋጭ የሚሾምበት ቀን ሲቃረብም እጩው እሱ እንደሆነ ጥበቃው ሳይቀር ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን የሚያረጋግጣቸው ቤቶች ሲሰጡት የራሱ ቤት ደረሰው። ደስ እያለው ሄደ፤ ቢያንስ በዚህኛው ደጅ የሚነክሰው ውሻ የለም።

ቆጣሪው የተሰቀለው ከመስኮቱ ሥር ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ባለቤቱ በኤሌክትሪክ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ሰማያዊው ጨርቅ አልጋው ላይ ሳይቀር ተከምሯል። አይሳሳቴ ሰላም ሳይላት ደንቡ በሚያዘው መሠረት ቆጣሪው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና ደወለ።

"ማዕከል፣ አረጋጋጩ ነኝ። ከቆጣሪው ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ስንት ይላል?"

"ዜሮ" አለች ሴትዮዋ።

"ይድገሙልኝ።"

"ዜሮ። ባለፈውም ዜሮ፣ ከዚያ በፊትም ዜሮ ነው። ሲስተሙ ሰው የማይኖርበት ቤት ብሎ ለይቶታል። ያረጋግጡልኛል?"

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ባለቤቱ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

"ምንድነው የምትልህ?"

"ሰው የማይኖርበት ቤት ነው ትላለች።"

"እኔስ?"

"አንቺማ አለሽ።"

"ታዲያ ንገራታ!"

አይሳሳቴ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። "አንቺ ሴት፣ የተላክሁት ያየሁትን ልናገር አይደለም። የተነገረኝን ላረጋግጥ ነው።"

"ይሄ መኪና በምን የሚሽከረከር ይመስልሃል? በጸሎት?"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ማዕከሉ ይሰማል።"

"ይስማ! ሰው መኖሩን የሚሰማ አንድ ጆሮ ከተገኘ እሰየው ነው" አለችና መኪናዋን ሆን ብላ ረገጠችው። መኪናው ግቢውን አናወጠው።

እዚህ ላይ የሰውየውን ጭንቀት ማቃለል ነውር ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ትዳር በአንድ ወገን፣ ላስቲኩ ያልተገፈፈ ወንበር በሌላ ወገን ሆነው ሲመዝናቸው ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። "አንድ" ብሎ ቢጽፍ ማዕከሉ ካለው ዜሮ ጋር አይመሳከርም። አንድ ጊዜ ካልተመሳከረ መቶ በመቶነቱ ቀረ። መቶ በመቶነቱ ከቀረ ወንበሩ የረጅሙ ሆነ። ለጊዜው ነው አለ በልቡ፤ ወንበሩን ልያዝ እንጂ ከላይ ሆኜ አስተካክለዋለሁ።

"ዜሮ" ብሎ ደገመላት፤ ጻፈ፤ ፈረመ።

ስማርት ቆጣሪ ሥራ አያዘገይም። በማግሥቱ ሰው በማይኖርበት ቤት መብራት አይባክንም በሚል መርህ፣ ማንም እጁን ሳያነሳ፣ የቤቱ መብራት ከማዕከል ተቋረጠ። መኪናው አንድ እጅጌ አጋምሶ ቀጥ አለ።

"ወንበሩን ልያዝና አስቀጥለዋለሁ" አላት ባለቤቱን።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" አለች። "አሁኑኑ ሄደህ ሰው አለ በል።"

ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

"ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሰው የለም የተባለው ቤት ውስጥ ሰው አለ።"

"ማን አለ?"

"እኔና ባለቤቴ።"

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰው የለም ብሎ ያረጋገጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አሁን አለ የሚለውስ?"

"እኔው ነኝ።"

"እስቲ አንተው ፍረድ። አንተን እንመን ወይስ አንተን?"

እውነትም ከባድ ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያው አይሳሳቴ ቆጣሪው ፊት ቆሞ፣ ማዕከል አነጋግሮ፣ በፊርማው ያረጋገጠ ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ባርኔጣውን ይዞ የቆመ፣ መብራት የጠፋበት ተራ ደንበኛ ነው።

"ማረም ትችላለህ" አሉ ሥራ አስኪያጁ በአባትነት። "መብትህ ነው። 'ተሳስቻለሁ' ብለህ ትፈርማለህ፣ መብራትህ ይመለሳል። ብቻ..." አሉና በተከፈተው በር በኩል አሻግረው ግድግዳው ላይ ያለውን መሰላል አዩ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። የበሰለ አመራር ዓረፍተ ነገር አይጨርስም።

አይሳሳቴ አመስግኖ ወጣ። ወንበሩ ባለባት ክፍል ሲያልፍም ላስቲኩን ነካ አደረገው።

ሚስቱ ግን ለመሰላል የምትንበረከክ ሴት አይደለችም። በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጅጌው የተጋመሰውን ዩኒፎርም በክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጣች።

"የትኛው ቤት ነው ያሉኝ እመቤቴ?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ሰው የማይኖርበት የተባለው ቤት።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"እዚያ የምኖረው ሰው ነኝ!"

ሥራ አስኪያጁ ተከዙ። "ይህ ነገር ሕጋዊ ችግር አለበት። ሰው ከሌለ አቤቱታ ሊኖር አይችልም። አቤቱታዎን ከተቀበልኩ ደግሞ ሰው አለ ብዬ ማመኔ ነው።"

"ይመኑ እንጂ! እነሆ ቆሜያለሁ።"

"እዚህ መቆምዎን አልካድኩም። እዚያ አለመኖርዎ ነው የተረጋገጠው።"

"ያረጋገጠው እኮ ባሌ ነው! አጠገቤ የሚተኛው!"

"እንግዲያው ከእሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ከልባቸው።

ሴትዮዋ ዩኒፎርሙን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ "ታዲያ ይሄን እጅጌ አየር ላይ ነው የሰፋሁት?" ብላ ጥላው ወጣች። ያ ግማሽ እጅጌ ሥራ አስኪያጁን ትንሽ ረበሻቸው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስልክ ሳይሆን በእግሩ ሄዶ በዓይኑ የሚያይ ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዙ። ኮሚቴው ሰብሳቢና ጸሐፊ እስኪመርጥ፣ መኪና እስኪመደብለት፣ መኪናው ነዳጅ እስኪሞላ ድረስ ቀናት አለፉ።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቱ ልብሱን አሁኑኑ አምጡ አለ። ባለቤቱም የስፌት መኪናዋን ጠቀለለች። የምትሄደው ታላቅ እህቷ ቤት ነው፤ እዚያ ገና የድሮው ቆጣሪ ነው፤ ብረቱ እየተሽከረከረ ሰውን ሰው ብሎ የሚቆጥር። አይሳሳቴ በሩ ላይ ቆሞ ጋሪ ላይ ስታስጭን አያት።

"ለአንድ ወንበር ብለሽ ቤት ትበትኛለሽ?" አላት።

"ወንበሩን የፈለግሁት እኔ ነኝ?"

"ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ" አለች፤ ድምፅዋም ለስለስ አለ። "ዘይት እያሸሁ ያሳደርሁት እኔ አይደለሁ? ወንበሩም ይገባሃል። ግን እኔን የለችም ብለህ አትቀመጥበትም። ስማኝ፤ ሰው አለ ብለህ የጻፍክ ዕለት፣ በዚያችው ዕለት እመለሳለሁ። ካልሆነ ግን የለሁም።"

ጋሪው ሄደ። አይሳሳቴ ቤት ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ዓመት ራሴን አዞረው እያለ ሲያማርረው የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ተነስቶ እንደሚጽፍ ወሰነ። ነገ ጠዋት፣ መጀመሪያ።

በነጋታው ጠዋት ግን ኮሚቴው ቀድሞት ወጣ። እሱ ሌላ ሰፈር ሌላ ቆጣሪ ፊት ቆሞ "ይድገሙልኝ" ሲል፣ ኮሚቴው ቤቱ ደርሶ በሩን አንኳኳ። መልስ የለም። በመስኮት አየ። ጨለማ ነው። የስፌት መኪና የለም፤ ጨርቅ የለም፤ ሰው የለም። ጎረቤት ተጠየቀች። "ወጥታ ሄደች" አለች። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ የደረሰበትን መደምደሚያ ይዞ ተመለሰ፤ ቤቱ ሰው የማይኖርበት ቤት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አዳራሹ ተጠራ።

"ውድ ሠራተኞች፣" አሉ፣ "አንዳንድ ሰዎች ቆጣሪያችንን ሐሰተኛ ብለውት ነበር። ያ ቆጣሪ ሰው የለም ሲል በጊዜው ሰው ነበረ። አንክድም! ነገር ግን ቆጣሪው አሁን ያለውን ብቻ የሚቆጥር ተራ ቆጣሪ አይደለም። የሚሆነውን አስቀድሞ አይቷል። ሴትዮዋ እንደምትሄድ ከሴትዮዋ በፊት አውቋል! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ማዕከሉ ላይ ስልክ የምታነሳው ሴትዮ ሳትቀር አለቀሰች።

"ይህን እውነት ግን" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ "የገዛ ሚስቱ በመስኮት እየጮኸችበት፣ ዓይኑን ሳያምን፣ ጆሮውን ሳያምን፣ ያረጋገጠ አንድ ሰው በመካከላችን አለ።"

አይሳሳቴ ተጠራ። በመስታወት የተለበጠ ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ላስቲኩ በሥራ አስኪያጁ እጅ ከወንበሩ ላይ ተገፈፈ፤ ሠራተኛው በሙሉ "ሹመት ያዳብር!" አለው። ተቀመጠ። ወንበሩ እንዳሰበው ነበር፤ ጉልበቱ ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ሰዎቹ እጁን እየጨበጡት ሲያልፉ፣ ማታ ለማን እንደሚነግረው አሰበ። ሰው አለ ብሎ ለመጻፍ አሁንም አልረፈደም። ግን ዛሬ ተሹሞ ነገ ትንቢቱን ቢያስተባብል፣ ሥራ አስኪያጁስ ምን ይላሉ? እንባቸውን አይቷል እኮ።

ከኮሚቴው ስኬት በኋላ አዲስ መመሪያ ወጣ። ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች ከእንግዲህ በስልክ ብቻ አይረጋገጡም፤ አረጋጋጩ አንኳኩቶ "ሰው አለ?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ይጽፋል። የአይሳሳቴን ሰፈር የተረከበው ረጅሙ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አይሳሳቴ ብቻውን ቀዝቃዛ ሻይና ደረቅ ዳቦ ይዞ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

"ቆጣሪ! ሰው አለ?"

ዳቦውን አስቀምጦ ተነሳ። ይህች ናት ቀኗ። መጻፍም አይጠበቅበትም፤ ጻፍ የሚባለው ሌላ ሰው ነው። "አለ" ማለት ብቻ ነው። ባለቤቱ ከእህቷ ቤት ጋሪ ጠርታ፣ መኪናዋን ጭና፣ ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች። በሩ ድረስ ሄደ፤ እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ታየው፤ ይሄው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ፣ ማዕከሉ "ዜሮ" ሲል፣ ወረቀቱ "አለ" ሲል፣ ሁለቱ ሳይመሳከሩ።

"ሰው አለ?" አለ ረጅሙ ደግሞ።

"የለም!" አለ አይሳሳቴ።

ረጅሙ ወደ በሩ ጠጋ አለ።

"ጋሼ? እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"እኔ ነኝ።"

"እና... የለም ልበል?"

"ሰማህ አይደል? የሰማኸውን ጻፍ። አንዴ ብቻ ሰምተህ አትጻፍ ደግሞ፤ አስደግመኝ።"

"ይድገሙልኝ፣ ጋሼ።"

"የለም።"

"የለም" ብሎ ደገመ ረጅሙ፤ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ በበሩ ስንጥቅ ይሰማል። "ከቤቱ ውስጥ በተሰጠ ቃል ተረጋግጧል ብዬ ጽፌያለሁ። መልካም ቅዳሜ፣ ጋሼ። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ።"

"እሺ፣ እላታለሁ" አለ አይሳሳቴ፣ እጁን ከእጀታው ላይ ሳያነሳ።